ካርቡሬተርና የአያ ቢሰውር አደራ

አንዳንድ ነገር አለ፤ ሲሠራ የማይደክመው፣ ሲያርፍ ግን የሚታመም። አጎቴን ያየ ይመሰክራል። አርባ ዓመት ሙሉ ራስ ምታት እንኳን የማያውቃቸው ሰው፣ ጡረታ ወጥተው ቤት በዋሉ በሦስተኛው ወር ጉልበቱም፣ ወገቡም፣ ደም ብዛቱም ቀጠሮ የያዙ ይመስል ተከታትለው መጡባቸው። ሞተርም ያው ነው። ሲነዱት ይሰነብታል፣ ሲያስቀምጡት ይበላሻል። እኛ ደግሞ ማስቀመጥ ስንወድ! ጥሩውን ሳህን ለእንግዳ፣ አዲሱን ኮት ለሠርግ ብለን ቁም ሳጥን ውስጥ እንቆልፍና፣ እንግዳው ሲመጣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ይጠፋናል፤ ሠርጉ ሲደርስ ኮቱ ይጠበናል።

ከሚቀመጥ ነገር ሁሉ ግን እንደ አደራ ያለ የለም። ሌላው ዕቃ ሲቀመጥ ዋጋው ይቀንሳል፣ አደራ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ ሰማዩን እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው እያልሁ እገረም ነበር። በኋላ ያስተማሩኝ አንድ የመካነ ብርሃን ገበሬና አንዲት አልነሳም ያለች ሞተር ናቸው። ወጉ ትንሽ ይረዝማል፤ የቸኮለ ካለ አሁኑኑ ቢሄድ አልቀየምም።

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ረዳት» የምትል ቃል አለች፤ በምሠራበት በጃናሞራ ግን ደብዳቤዬን ያነበበ ሰው ስለሌለ ሁሉም «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔም ሰው ማረም አልወድም። ሥራዬ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዤ ከመካነ ብርሃን በላይ ያሉትን መንደሮች መዞር፣ በግና ፍየል መውጋት ነው። ለዚህ የምትረዳኝ አንዲት ባለ አራት እግር ሞተር አለችኝ፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዛኋት። ጎንደር ከተማ ውስጥ ስነዳት ባጃጅ ነጂዎቹ «ዶክተር፣ ጣሪያዋን የት ጣልኸው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! በቅሎ እንኳን ቆማ አስባ የምትወጣውን ዳገት፣ እሷ እያጉረመረመች ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። የትኛው ጊዜ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያየው ያውቀዋል። መንገዱ ተዘጋጋ፣ ቤንዚን ከገበያ ጠፋ። እኔ ያን ሰሞን መካነ ብርሃን ነበርሁ፤ ዕድለኛ ነኝ ብዬ በዋዜማው የሞተሯን የቤንዚን ቋት፣ ሰልባትዮውን፣ እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ። ሞተር ይዞ መንቀሳቀስ እንደማይቻል ሲነገረኝ፣ በጭነት መኪና ተንጠላጥዬ ወደ ጎንደር ልወርድ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ልመለስ ወሰንሁ። ሞተሯን ለአያ ቢሰውር አደራ ሰጠሁ።

አያ ቢሰውር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ግን በዚያ አገር ወንድማማች ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ዕቃ ሲካፈሉ መሀል የሚቀመጡ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ይብቃ» ካሉ ይበቃል። ሰው የሚሰማቸው ሀብት ስላላቸው አይደለም፤ በዕድሜያቸው ሙሉ የሰው ነገር እጃቸው ላይ ጎድሎ አያውቅም፣ ይኸው ነው።

«አያ፣ እንዳለች ትቆየኝ» አልኋቸው።

ዞሯት። ጎማዎቹን ቆጠሩ፣ አራት። መስታወቶቹን ቆጠሩ፣ ሁለት። ግራው መስታወት ላይ ያለችውን ስንጥቅ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይቺ ከፊትም ነበረች፣ አየህ?» አሉኝ። አየሁ አልሁ። ከዚያ የሰልባትዮውን ክዳን አስከፍተው አዩና ከአጥር ቀጭን የወይራ ጭራሮ ቆረጡ፣ ላጡ፣ ቤንዚኑ ውስጥ እስከ ታች ከተቱ። ሲያወጡት እርጥቡ በሚያልቅበት ላይ በቢላዋ ምልክት ቆረጡበት። እህል አደራ ሲቀበሉ በቁና እንደሚለኩት መሆኑ ነው። እኔ የከተማው ሰው ሳቅሁ። ያን ሳቄን ዛሬ ባገኘው መልሼ እውጠው ነበር።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ፣ አያ ቢሰውር ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርሱ ወደ ጋጣቸው ወሰዱኝ። በቅሏቸውን ወደ ዳስ አውጥተው፣ ሞተሯን በበቅሎዋ ቦታ አስገብተዋታል። ከሥሯ ሳንቃ፣ ከላይዋ ሸራ። አይጥ እንዳይደርስባት ዙሪያዋን አመድ ነስንሰዋል፣ የጭስ ማውጫዋን በንጹሕ ጨርቅ ወትፈዋል። አቧራ የለባት። እኔ ስሄድ ያልነበረው መወልወል ሁሉ ደርሶባታል። ከዚያ ያቺን የወይራ ጭራሮ ከሳሩ ጣሪያ ውስጥ መዘው አወጡ፤ ሰልባትዮው ውስጥ ከተቷት፤ አወጧት። እርጥቡ ልክ ምልክቱ ላይ ነው።

«ሸጋ!» አልሁ፣ ልቤ ተነክቶ። እንባም ሳይቀድመኝ አልቀረም። ግን ልብ በሉ፤ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ቤንዚን እንዴት አንዲት ጣት አልቀነሰም ብዬ አልጠየቅሁም። የከብት ሐኪም ነኝ አላልኋችሁም?

ባትሪዋ ሞቷል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። በገመድ የምትነሣበት መንገድ አላትና ገመዱን ሳብሁ። ምንም። ደግሜ ሳብሁ። መንደሩ ተሰበሰበ። ጉልበተኛው ሁሉ እጁን እያሻሸ ተራ ያዘ፤ አንዱ በአንድ እጁ፣ ሌላው «ቢስሚላህ ባይባልም በስመ አብ ይባል» ብሎ አማትቦ ሳበ። አንዲት እናት «ዓይን ነው የበላት፣ ጠበል ይረጭባት» አሉ። ሞተሯ አንዴ እንኳን አልሳለችም።

እዚያ መሀል አዳነ የሚባል ሰው ቆሟል። አዳነ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሶ፣ ጉዳዩ አያ ቢሰውር እጅ ላይ ነው፤ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብልም የጠረጠረ ይመስለኛል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሆድ ዕቃዋ ወጥቶ ተሸጦ እንደሆነስ ማን ያውቃል?» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እስቲ መጀመሪያ የዶክተሩን ማኪና አስነሳ። የኔን ድንበር ከዚያ በኋላ ትፈርዳለህ።»

«አያ» አላለም። በዚያ መንደር እሳቸውን እንዲህ የተናገረ ሰው አልነበረም። የከፋው ግን ማንም «ምነው አዳነ!» ብሎ አለመገሠጹ ነው። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ ለካ አንዳንዱም በሆዱ ይዞት ኖሯል። እኔም ብሆን፣ አልዋሻችሁም፣ አንዲት ቅጽበት የሞተሯን ሆድ አየሁ። አየሁና አፈርሁ።

አያ ቢሰውር ወደ ቤት ገቡ፣ ጋቢያቸውንና በትራቸውን ይዘው ወጡ። «ጫናት። እኔም እሄዳለሁ» አሉኝ።

«ምነው አያ፣ በዚህ ዕድሜዎ?»

«ሳትነሳ አላስረክብህም» አሉ። «የሰጠኸኝ የምትነሳ ማኪና ነው።»

እንዲህ ሆነና ሞተሯን አይሱዙ ላይ ጭነን በደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር ወረድን። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለ ብሎ ቢለምን፣ ቢለምን፣ አያ ቢሰውር አሻፈረኝ አሉ። መንገዱን ሙሉ ላይ ከጭነቱ ጋር፣ አንድ እጃቸውን የሞተሯ መሪ ላይ አድርገው ተቀምጠው ሄዱ። በዳባትም፣ በአምባ ጊዮርጊስም ቆመን ዳቦ ስንበላ ከላይ አልወረዱም፤ አቀበልናቸው። እኔ ታች ጋቢና ውስጥ ተመችቶኝ ተቀምጬ፣ ይኼ ሰው ለሰው ዕቃ እንዲህ ከሆነ እኔ ለራሴ ዕቃ ምን ሆኛለሁ እያልሁ ኅሊናዬ ሲበላኝ መጣሁ።

አሁን ጋሽ እንድሪስን ላስተዋውቃችሁ። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው፣ የጎንደሩ የሙስሊሞች ሰፈር የአዲስ ዓለም ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ነጋዴዎች፤ «ከቤታችን እጁ የጠቆረ እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። ሞያቸውን የሚጠራጠር የለም። አንድ ጉድለት አላቸው፣ መዋሸት አይችሉም። ሰው መኪናውን አምጥቶ «እንዴት ናት ጋሼ?» ሲላቸው፣ «መኪናዋስ ደኅና ነበረች፣ ነጂዋ ነው የታመመው» ይላሉ። ደንበኞቻቸው ግማሹ በዚህ ተቀይመው ሄደዋል፤ ግማሹ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ሌላ ጋራዥ ረግጦ አያውቅም።

ጋሽ እንድሪስ ሞተሯን ከመንካታቸው በፊት ሻይ ጠጡ። ከዚያ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና ተነሡ። «ሞተር የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ እሳት፣ አየር፣ ቤንዚን። አንዱ ከጎደለ ጸሎትም ዱዓም አያስነሳትም።»

መጀመሪያ እሳቱን ፈለጉ። ካንዴላዋን ነቅለው ከብረቱ ጋር አስጠግተው ገመዱን አሳቡኝ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። «እሳት አላት።» አያ ቢሰውር ራሳቸውን ነቀነቁ። የአየር ማጣሪያዋን ከፈቱ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የአይጥ ጎጆ ይጠብቁ ነበር መሰለኝ፣ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኙት ቀና ብለው ሽማግሌውን አዩ። «ማነው የጠበቃት?» አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ አያ ቢሰውር። «እንዲህ ያለ ጠባቂ አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ሲወጣ በዓመት አንዴ ነው።

የሰልባትዮውን ክዳን ከፍተው አሸተቱ። ፊታቸው ተጨማደደ። «ይኼ ቤንዚን ከሞተ ቆየ» አሉ። ከዚያ ካርቡሬተሯን ፈቱ። ካርቡሬተር እንግዲህ የሞተር ጉሮሮ በሏት፤ ቤንዚንና አየር ተመጥነው የሚደባለቁባት፣ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ዕቃ ናት። ከሥሯ ያለችውን ጽዋ የምታህል ክፍል ሲከፍቱ፣ ውስጧ ቤንዚን የለም። ቡናማ ሙጫ ነው ያለው፤ ተጋግሮ፣ በላዩ ተደርቦ፣ ደግሞ በዚያ ላይ ተደርቦ። ቤንዚን የሚያልፍባት የናስ ሽንቁር ከመርፌ ዓይን ትጠባለች፤ እሷም ተደፍናለች።

ጋሽ እንድሪስ ሙጫውን በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ጫር አደረጉት። «አንድ ሰልባትዮ ቤንዚን ተቀምጦ ይኼን ሁሉ ሙጫ አይሠራም» አሉ። «ቤንዚን ሲጨምርባት የኖረ ሰው አለ።»

አያ ቢሰውር ተነሥተው ቆሙ። ከጋቢያቸው ውስጥ የወይራዋን ጭራሮ አወጡ። ለካ ይዘዋት መጥተዋል! «እኔ ነኛ!» አሉ፣ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «በየወሩ እለካት ነበር። ቀን ሲቆይ ትጎድላለች፤ ማን ይቀዳባታል እያልሁ ሌሊት ሁሉ ደጁን እጠብቅ ነበር። ቀጂ የለም፣ ግን ትጎድላለች። እኔ ምን አደርጋለሁ? በየገበያው እየዞርሁ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጡትን እፈልግና እስከ ምልክቷ እመልሳታለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሃይላንድ ጠቦት ሰጥቻለሁ። ይኸው፣ ጉድለት አላየችም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔስ ነገሩ ገባኝ። እኔ ከተማ ተቀምጬ ረስቻት፣ እኒህ ሰውዬ ጠቦታቸውን ሳይቀር እየሰጡ መርዟን ሲገዙላት ኖረዋል። ጋሽ እንድሪስን በዓይኔ ጠቀስኋቸው፤ ዝም ይበሏቸው፣ አይንገሯቸው ለማለት። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ዓይን ሲጠቀስ፣ ዓይንህን ምን ነካው የሚሉ ሰው ናቸው።

«አያ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «የጎዳት እሱ ነው።»

አያ ቢሰውር ጭራሮዋን እንደያዙ ቀሩ። «እኔ ነኝ የጎዳኋት?» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ። አዳነ ያላቸው ሁሉ እውነት ሆኖ የታያቸው ይመስለኛል።

«የቤንዚን መዝጊያዋን ክፍት የተዋት ማነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ወደኔ ዞረው።

የቱ መዝጊያ? እያልሁ አሰብሁ። ከሰልባትዮው ሥር ያለችው ትንሽ ቁልፍ! «እኔ ነኝ» አልሁ። ሌላ ምን ልል?

«መዝጊያዋ ክፍት ስለሆነ ከላይ ያለው እየወረደ እዚህ ጽዋ ውስጥ ይገባል፣ ይተናል፣ ሙጫው ይቀራል። ቀጂዋ ይቺ ናት። ሽማግሌው ሲሞሉ፣ እሷ ደግሞ ስታደርቅ ኖረዋል።» ከዚያ ካርቡሬተሯን አስቀምጠው አያ ቢሰውርን ቀጥ ብለው አዩዋቸው። «መኪናዋን ጎድተዋታል፣ አልዋሽዎትም። አደራዋን ግን አልጎዱም። ይኼ ሙጫ በንጹሕ ቤንዚን ይለቃል፤ እስከ ከሰዓት አስለቅቀዋለሁ። የተበላ አደራ ቢሆን ኖሮ በምን አስለቅቀው ነበር?»

አያ ቢሰውር ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በል አስለቅቀው» አሉ። ደግሞ ወደኔ እያዩ፣ «ልጁንም ተወው፤ ቁልፏ ትንሽ ናት፣ ላያያት ይችላል» አሉ። ይህን ነው እኔ የማልረሳው። አንገታቸው ላይ የተቀመጠው የኔ ጥፋት ሆኖ ሳለ፣ ለኔ አማላጅ ሆኑልኝ!

ጋሽ እንድሪስ ክፍሎቹን በታትነው በንጹሕ ቤንዚን ዘፈዘፉ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ወደ ጁምዓ ሄደው ተመለሱ፤ ለኛም ጾም ስለሆነ ሦስታችን በአንድ ትሪ ሽሮ በላን። ከምሳ በኋላ ከአሮጌ የፍሬን ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘው፣ ያቺን የናስ ሽንቁር እንደ ጆሮ ጠራጊ ቀስ ብለው አጸዱ። «በጉልበት ከገፋሃት ትሰፋለች፤ ከሰፋች ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቤንዚን ስትጠጣ ትኖራለች» አሉኝ። ወደ ብርሃን አነሷትና ለአያ ቢሰውር አሳዩዋቸው። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። «ሰማይ ይታያል» አሉ።

ገጣጠሙ። ትንሽ አዲስ ቤንዚን ጨመሩ። ገመዱን ሳብሁ፤ ሳለች። ደግሜ ሳብሁ፤ ሳለች፣ ተንተባተበች፣ ከዚያ ነጭ ጭስ ተፍታ እሪ አለች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጋሽ እንድሪስን አቀፍኋቸው፤ ሸሚዜ እስከ ዛሬ የግራሶ እድፍ አለበት። ዞር ብዬ አያ ቢሰውርን ባያቸው ግን አይስቁም። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍተው ጭራሮዋን ከተዋል።

«ጎድላለች» አሉ።

«አያ፣ አሮጌውን ደፍተነው እኮ ነው! ይበቃታል፤ ተረክቤያለሁ፣ አስረክበውኛል...» አልሁ።

«ሙሉ ነው የሰጠኸኝ» አሉ። «ምልክቷ ሳይደርስ አላስረክብም።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔ የሞተሯ ባለቤት፣ ጠባቂዬ የራሴን ዕቃ ለኔ ሙሉ አድርገው እንዲመልሱልኝ ጀሪካን ይዤ ማደያ ተሰለፍሁ። ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ ያለቀ ነበር። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ለምን እንደተሰለፍሁ ጠየቀኝና ነገርሁት፤ ከት ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመና «ቅደመኝ» አለኝ። ከሱ ፊት ላለው እሱው ነገረው። ያም አሳለፈኝ። በጎንደር ከተማ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ሰው ሰውን በፈቃዱ ሲያስቀድም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሞላን። ጭራሮዋ ገባች፣ ወጣች። ምልክቱ ላይ ናት። አያ ቢሰውር ጋሽ እንድሪስን ለምስክርነት ጠሩና ጎማዎቹን ቆጠሩ፣ አራት። መስታወቶቹን ቆጠሩ፣ ሁለት። ስንጥቋን አሳዩኝ። «ተረከብኸኝ?» አሉ። «ተረከብሁ አያ» አልሁ።

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ባለ ባትሪ መብራት ትንሽ ስልካቸውን አወጡ፤ ለኔ ሰጥተው «አዳነን ደውልልኝ» አሉ። ደወልሁ። ስልኩን ተቀብለው፣ «አዳነ ነህ? ስማ» አሉና ጎንበስ ብለው ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫዋ አስጠጉት። ለኔ ደግሞ በዓይናቸው ምልክት ሰጡኝ። ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጠኋት ስላችሁ እመኑኝ፤ ሞተሯ ጮኸች፣ ጋራዡ ጮኸ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። አያ ቢሰውር ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ። ከዚያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ ለኔም ይሰማኝ ነበር።

«ሰማሁ አያ» አለ አዳነ። ደግሞም፣ «የድንበሩ ነገር እርስዎን እየጠበቀ ነው። መቼ ይመጣሉ?» አለ።

«ነገ» አሉ አያ ቢሰውር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምርበት ነበር። ግን ባለፈው ክረምት እንደገና ወደ ጎንደር መውረድ ነበረብኝ። ጋሽ እንድሪስ እንዳስተማሩኝ ቤንዚኑን እስከ ጠብታው አወጣሁ፣ ጽዋዋን አደረቅሁ፣ መዝጊያዋን ዘጋሁ። ጠቢብ ሆኛለሁ እኮ! «አያ፣ አሁን ባዶ ናት። እንዳይጨምሩባት፤ ባዶዋን እንዳለች ትቆየኝ» አልኋቸው። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ባዶ አደራ ተቀብለው አያውቁማ። ግን እሺ አሉ።

መስቀል አልፎ ስመለስ ሞተሯ በበቅሎዋ ቦታ ናት፤ ሳንቃው፣ ሸራው፣ አመዱ፣ ሁሉም እንደነበረ። ያመጣሁትን ቤንዚን ልጨምር ክዳኗን ስከፍት፣ አያ ቢሰውር እጄን ያዙኝ። «ቆይ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉና ከሳሩ ጣሪያ ውስጥ ሌላ የወይራ ጭራሮ መዘዙ። ይቺ ምልክት የለባትም። ሰልባትዮው ውስጥ እስከ ታች ከተቷት፣ አወጧት፣ ወደ ፀሐይ አነሷት። እንደተላጠች ነጭ ናት።

«በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እለካት ነበር» አሉኝ። «ሰው መጥቶ እንዳይሞላብህ ብዬ። ይኸው፣ አንዲት ጠብታ አልገባባትም።»

ጎንበስ ብዬ ደረቋን ጭራሮ ከላይ እስከ ታች አየኋት፤ «ልክ ነው አያ» ብዬ ተረከብሁ።